«ላም አለችኝ» ሲባል ባለቤቱ ማን ነው?

ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ አንድ ገበሬ «ላም አለችኝ፣ ሦስት ልጆችም አሉኝ» ቢል የሚገረም አይኖርም። ግሱን ግን ቀረብ ብለን እንየው። «አለች» የተባለው ለላሟ ነው፤ «አሉ» የተባለው ለልጆቹ። ገበሬው ራሱ ያለው መጨረሻ ላይ በተንጠለጠለችው «ኝ» ውስጥ ብቻ ነው፤ እሷም «አየኝ»፣ «መታኝ» ስንል የምናገኛት፣ ነገሩ የሚያርፍበትን ሰው የምትጠቁም «ኝ» ናት። የትምህርት ቤት ሰዋስው ግሱ የሚከተለውን ስም «ባለቤት» ይለዋል። እንግዲያው በዚህ አረፍተ ነገር ባለቤቷ ላሟ ናት፤ ጌታዋ ከግሱ ጫፍ ተለጥፎ ቀርቷል። አማርኛ «አለኝ» ሲል ሰውየው ነገሩን መያዙን አይናገርም፤ ነገሩ ለሰውየው መኖሩን ይናገራል። ቋንቋችንን ለሚማር ሰው ይህ ከመጀመሪያው ቀን ሊነገረው ይገባል ብዬ አምናለሁ። እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ ተናጋሪው በልማዱ ባለሀብቱን አስቀድሞ፣ ግሱንም ለእሱ አስማምቶ «እኔ ላም አለሁ» ሊል ይችላልና። «አለሁ» ደግሞ የራስ መኖር ነው፤ ደኅና ነህ ወይ ለተባለ ሰው የሚሰጥ መልስ ነው።

ካዛክኛ ተናጋሪ ቢመጣ ግን በዚህ በኩል ብዙም አይቸገርም። እሱ በአገሩ «ሜኒንግ ስየሪም ባር» ይላል፤ ቃል በቃል «የእኔ ላሜ አለ» እንደማለት ነው። «ባር» የእኛ «አለ» ነው፤ ሲጠፋ «ዦቅ» ይላል፣ እንደ እኛ «የለም»። ልዩነቱ ካዛክኛ ባለሀብቱን ሁለት ጊዜ መቁጠሩ ነው፤ አንዴ «የእኔ» ብሎ ከፊት፣ አንዴ ከላሟ ስም ጫፍ ላይ። እኛ ምልክቱን ከግሱ ላይ እናስቀምጣለን፣ እሱ ከስሙ ላይ። ሩሲያኛም «በእኔ ዘንድ አለ» በሚመስል አነጋገር ይሠራል። እንዲህ ያለው መንገድ በዓለም ላይ እንግዳ አይደለም።

«እኔ ላም አለችኝ እንል የለም ወይ? እኔ ከፊት ቆሞ እንዴት ባለቤት አይሆንም?» የሚል ይኖራል። «እኔ ራበኝ»፣ «እኔ አመመኝ» እንላለን፤ እዚያም «እኔ» ወሬው ስለ ማን እንደሆነ ያስታውቃል እንጂ ግሱን አያዝዝም። ከበድ ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ከቅኔ ቤት ነው። ከዋሸራ ወይም ከዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ የወጣ ሰው «ግዕዝ እኮ ‹ብየ ላህመ› ይላል፤ ‹ም› ወደ ‹መ› ሲለወጥ ላሟ ተሳቢ ሆነች ማለት ነው» ብሎ ሊሞግት ይችላል። ትክክል ነው። «ብየ» ራሱ ሲፈታ «በእኔ» ቢሆንም፣ ግዕዝ በትርጉሙ ተስቦ ነገሩን እንደ ተያዘ ቆጥሮታል። አማርኛ ግን በዚያ መንገድ አልሄደም። «ላሟን አየኋት» እንላለን፤ «ላሟን አለችኝ» የሚል አማራ ግን አይገኝም። ያቺ «ን» አለመግባቷ ለእኔ ከሁሉም የበለጠች ማስረጃ ናት።

ከዚህ ተነስቶ «ለመያዝ ግስ የሌለው ሕዝብ የንብረት ስሜቱ የላላ ነው» ብሎ መደምደም ግን ትልቅ ስሕተት ነው። በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የቢቸና ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ የተነሳው፣ መሬቱ ተለክቶ ርስቴ ይወሰዳል የሚል ስጋት አድሮበት ነበር። ያ ሰው «ርስት አለኝ» ሲል፣ በሰዋስው ባለቤቱ ርስቱ ስለሆነ ብቻ ለርስቱ ያለው ቁርጠኝነት አልቀነሰም። ሰዋስው የአነጋገርን መንገድ ያሳያል፤ የሰውን ልብ አይለካም።

ተማሪው ቀጥሎ የሚገጥመው «ቤቴ» እና «የእኔ ቤት» ነው። ሁለቱን አንድ ነው ብሎ ማስተማር አይገባም። «ቤቴ ገባሁ» የዘወትር ንግግር ነው፤ «የእኔ ቤት» የሚባለው የአንተ አይደለም ለማለት፣ ድንበር ሲነሳ ነው። «እናቴ»ን ትቶ በየአረፍተ ነገሩ «የእኔ እናት» የሚል ሰው፣ ሰዋስው ሳይሳሳት ከሰው ጋር እየተከራከረ ይመስላል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን «ው» ነው። «በሬው ጠፋ» ሲባል ቅድም ያነሳነው በሬ ጠፋ ማለት ሊሆን ይችላል፤ የሰውየው በሬ ጠፋ ማለትም ሊሆን ይችላል። የመንደሩ ሰው የማን በሬ እንደሆነ ስለሚያውቅ ግር አይለውም። ከሩቅ የመጣው ተማሪ ግን «የእሱ በሬ ነው ወይስ ያ በሬ?» ብሎ መጠየቅን መልመድ አለበት።