ክሩ ሳይበጠስ ቋጠሮው ለምን ይሾልካል?

ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለቀው ክሩ ሳይሆን ሁለት ክሮች የተቀጠሉበት ቋጠሮ ነው። ዓሣውም መንጠቆውን በአፉ እንደያዘ ይሄዳል። እስቲ ምክንያቱን እንየው።

የተጎነጎነው የማጥመጃ ክር የሚሠራው ከፖሊኢቲሊን ነው፤ የፌስታል ዘመድ ማለት ነው። በጣም ጠንካራ ቢሆንም ያሟልጫል። ወደ መንጠቆው በኩል የሚቀጠለው ሊደር ደግሞ ወጥና ልሙጥ ነው። እንደ ጫማ ማሰሪያ ብትቋጥሯቸው ይሾልካሉ።

መፍትሔው ዙር ማብዛት ነው። በሬ የያዘ ሰው ገመዱን ግንድ ላይ ሲጠመጥም ጉልበቱ አይጨምርም፤ የሚያግዘው ሰበቃ ነው። የሰበቃ መጠኑ 0.1 ቢሆን፣ አንድ ዙር ለመያዝ የሚያስፈልገውን ኃይል ወደ ግማሽ ያወርደዋል፤ አምስት ዙር ደግሞ ከ20 እጥፍ በላይ ይቀንሰዋል!

ኤፍጂ የሚባለው ቋጠሮም የሚይዘው በሰበቃ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ጉንጉኑን ወጥራችሁ ሊደሩ ላይ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እያፈራረቃችሁ 20 ጊዜ ያህል ጠምጥሙ። ዙሮቹ አይደራረቡ፣ አይላሉም።
2. በጉንጉኑ ጫፍ ሁለቱንም ክሮች አንድ ላይ ሁለት ጊዜ እሰሩ።
3. አርጥባችሁ ቀስ በቀስ አጥብቁ። ፖሊኢቲሊን በ145 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ የደረቅ ሰበቃ ሙቀት ይጎዳዋል።
4. የተረፈውን የሊደር ጫፍ ቆርጣችሁ፣ በጉንጉኑ ጫፍ ዋናውን ክር ብቻ ጥቂት ጊዜ እሰሩ።

በመጨረሻ እጃችሁን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በኃይል ጎትቱት፤ ቀጭን ክር እጅ ይቆርጣል። ዙሮቹ ከተንሸራተቱ ፈትታችሁ እንደገና ጀምሩ።