የወይፈን ዋጋ በመጀመሪያው ገበያ ለምን ይወድቃል? ለከብት አርቢዎች የቀረበ ማብራሪያ

አገራችን በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚውን ሥፍራ እንደምትይዝ ይታወቃል። በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የ2013 ዓ.ም. የናሙና ጥናት መሠረት የከብቱ ቁጥር ወደ 70 ሚሊዮን ይደርሳል። ይሁን እንጂ በከተማ የሥጋ ዋጋ በየጊዜው እየናረ ሳለ አርቢው ለገበያ የሚያቀርበው ወይፈን ዋጋ አብሮ የማይጨምርበት፣ አንዳንዴም የሚወርድበት ምክንያት ምን እንደሆነ ከአርብቶ አደሩና ከአርሶ አደሩ ዘንድ ተደጋግሞ ይጠየቃል። ይህ ጽሑፍ ዋጋው እንዴት እንደሚሰላ፣ ሻጩ የመደራደር አቅሙን የሚያጣው በየትኛው ደረጃ እንደሆነና ሕግ የሰጠው መብት ምን እንደሆነ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

በቅድሚያ ወይፈኑ የሚያልፍበትን መንገድ መመልከት ያስፈልጋል። በቦረና ዞን በሐሮ ባኬ ወይም በዱብሉቅ ገበያ የተሸጠ ወይፈን ብዙውን ጊዜ በሰብሳቢ ነጋዴ እጅ ወደ ትልቅ ነጋዴ ይተላለፋል፤ ከዚያም በአዳማና በአካባቢዋ ወደሚገኙ የማድለቢያ ጣቢያዎች ይጓጓዛል። እዚያም ሦስት ወር ያህል ከደለበ በኋላ በቁሙ ወደ ውጭ ይላካል ወይም ለአገር ውስጥ ቄራ ይቀርባል። በቢሾፍቱና በሞጆ የሚገኙት የኤክስፖርት ቄራዎች በአብዛኛው የሚያርዱት በግና ፍየል ቢሆንም፣ የግብይቱ ሰንሰለት ከከብቱ ጋር ተመሳሳይ ነው።

አድላቢው ለወይፈን የሚከፍለውን የሚያሰላው ከላይ ወደ ታች ነው። ለግንዛቤ ብቻ በተወሰደ ምሳሌ እንመልከተው። አድላቢው የደለበውን ሰንጋ በ90,000 ብር እሸጣለሁ ብሎ ያስባል። ከዚህ ላይ ለፋጉሎ፣ ለፉርሽካ፣ ለድርቆሽና ለሠራተኛ 25,000 ብር፣ ለመጓጓዣ፣ ለቀረጥና ለሞት ኪሣራ 6,000 ብር፣ ለባንክ ወለድና ለትርፍ 9,000 ብር ይቀንሳል። የሚቀረው 50,000 ብር በማድለቢያው በር ላይ የሚከፍለው ዋጋ ነው። በመካከል ያሉት ነጋዴዎችና ደላሎች 8,000 ብር ሲወስዱ አርቢው እጅ የሚደርሰው 42,000 ብር ይሆናል።

አሁን የደለበው ሰንጋ ዋጋ በ10 በመቶ፣ ማለትም በ9,000 ብር ወረደ እንበል። መኖው አልረከሰም፤ የመኪናው ኪራይም፣ የነጋዴው ድርሻም አልቀነሰም። ስለሆነም ጠቅላላው ቅናሽ ተንከባሎ አርቢው ላይ ያርፋል፤ ዋጋውም ወደ 33,000 ብር ይወርዳል። ከላይ 10 በመቶ የነበረው ቅናሽ ከታች ከ21 በመቶ በላይ ሆነ ማለት ነው። የፋጉሎ ዋጋ ሲጨምርም ውጤቱ ይኸው ነው። የወይፈን ዋጋ የሌሎች ሁሉ ሒሳብ ከተወራረደ በኋላ የሚተርፍ በመሆኑ፣ በሰንሰለቱ ውስጥ የተፈጠረ ማንኛውም ችግር ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የመጀመሪያውን ሻጭ ነው። አርቢው ተታለልኩ ብሎ የሚያስብበት ዋጋ አንዳንዴ በማንም ተንኮል ሳይሆን በዚህ ስሌት የመጣ ሊሆን እንደሚችል መገንዘቡ ተገቢ ነው።

ነገር ግን ስሌቱ ሁሉንም አያስረዳም። ከላይ በምሳሌው የተጠቀሰው 8,000 ብር 8,000 ሆኖ መቅረቱን ወይም 15,000 መድረሱን የሚወስነው በዕለቱ ገበያ ስንት ገዥ እንደቀረበና ሻጩ ምን ያህል መረጃ እንደያዘ ነው። በሩቅ ገበያ አንድ ቀን ሦስት ወይም አራት ገዥ ብቻ ሊገኝ ይችላል፤ ሻጩ ግን ከብቱን ሁለት ቀን ነድቶ የመጣ፣ እህል ገዝቶ ማታ መመለስ ያለበት ነው። ገዥው ይህን ያውቃል፤ ስለዚህም እስከ ቀትር አይቸኩልም። በሶማሌ ክልል ገበያዎች እንደሚታወቀው ዋጋው በልብስ ሥር በጣት ምልክት በሚነገርበት ቦታ ደግሞ ጎን ለጎን የቆመው ሻጭ ባልንጀራው በስንት እንደሸጠ እንኳ አያውቅም። በአንጻሩ ደላላው ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ ከብቱ የስርቆት አለመሆኑን የሚያረጋግጠውና ለማይተዋወቁ ሰዎች ዋስ የሚሆነው እሱ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ሻጩ ከደላላው ቃል በቀር ሌላ የመረጃ ምንጭ ሳይኖረው ሲቀር ነው።

የገዥዎች ማየል በእኛ አገር ብቻ የሚታይ ችግር አይደለም። በአሜሪካ ከደለቡት ከብቶች ወደ 85 በመቶ የሚሆኑትን የሚያርዱት አራት ኩባንያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 በካንሳስ ግዛት የሚገኝ አንድ ትልቅ ቄራ በእሳት በተጎዳ ጊዜ የሥጋ ዋጋ ሲጨምር የከብት ዋጋ ወርዶ ነበር፤ ከብቱ ቢኖርም የሚያርደው አነሰና። በዚያ አገር ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የቄራዎችና የከብት ገበያዎች ሕግ፣ በኋላ በተደረገለት ማሻሻያ፣ ገዥው በመርህ ደረጃ እስከ ማግስቱ የሥራ ቀን ማብቂያ ድረስ ክፍያ እንዲፈጽም ያስገድዳል። በእኛ ገበያዎች ከብቱን በዱቤ ወስዶ ከሸጠ በኋላ የሚከፍል ነጋዴ ጥቂት ባለመሆኑ ይህ ጉዳይ ልዩ ትኩረት ይሻል። በዱቤ የሚያስረክብ አርቢ የከብቱን ቁጥርና መልክ፣ የዋጋውን ልክና የክፍያውን ቀን የሚገልጽ ጽሑፍ በሁለት ምስክሮች ፊት ሊያስፈርም ይገባል።

ሻጩ ከቤቱ ሳይወጣ ሊያገኘው የሚችለው መረጃ የከብቱ ክብደት ነው። ሚዛን በተተከለባቸው ገበያዎች እንኳ ግብይቱ በዓይን ግምት ሲፈጸም ይታያል፤ በየሳምንቱ በመቶ የሚቆጠር ከብት የሚያየው ነጋዴ በዓይን ግምት ከአርቢው እንደሚበልጥ ደግሞ ግልጽ ነው። ሚዛን በሌለበት የልብስ ሰፊ ሜትር በቂ ነው። ከብቱ በደልዳላ ሥፍራ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ሜትሩን ከፊት እግሮቹ ኋላ አዙሮ የደረቱን ዙሪያ መለካት፣ ቀጥሎም ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ያለውን ርዝመት መለካት ነው። የደረቱ ዙሪያ በራሱ ተባዝቶ፣ እንደገና በርዝመቱ ተባዝቶ ለ10,840 ሲካፈል ግምታዊ ክብደቱ በኪሎ ግራም ይገኛል። የደረቱ ዙሪያ 140 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወይፈን 217 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ስሌቱ እንደ ዝርያውና እንደ ሰውነቱ ሁኔታ ከፍ ዝቅ ማለቱ አይቀርም፤ ቢሆንም ገዥው ከ180 አይበልጥም ሲል ሻጩ ዝም እንዳይል ይረዳዋል።

ረጅም መንገድ ያለ ውኃና ያለ ግጦሽ የተነዳ ከብት ገበያ ሲደርስ ሆዱ ጎድሎ ይታያል፤ የሚገመተውም እንዲሁ ነው። በዋዜማው በገበያው አቅራቢያ ማሳደርና ውኃ ማጠጣት ወጪው አነስተኛ ነው።

ከሁሉ የከፋው ሽያጭ በድርቅ ወቅት የሚደረገው ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በቦረና አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሳይሳኩ ሲቀሩ ከብቱ ከሳ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ወጣ፣ የእህል ዋጋ ግን ናረ። በዚህ ረገድ የ1998 ዓ.ም. ተሞክሮ የሚጠቀስ ነው። በዚያ ዓመት ድርቅ በሞያሌ ወረዳ ሁለት የከብት ነጋዴዎች በብድር ተደግፈው ከሌላ ጊዜ ቀደም ብለው ወደ አካባቢው በመግባታቸው ወደ 20,000 የሚገመቱ ከብቶች ሳይሞቱ ተሸጠዋል፤ አርብቶ አደሩም ከገንዘቡ በከፊል ለቀሩት ከብቶች መኖ ገዝቶበታል። ልዩነቱን ያመጣው ሽያጩ ከብቱ አቅም ሳያጣ መደረጉ ነው። ስለሆነም የገና ዝናብ መዘግየቱ ሲታወቅ ወንዶቹንና የማይወልዱትን ቀድሞ መሸጥ፣ ጊደሮችንና የሚታለቡትን ማቆየት ይመከራል። በቦረና ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሸጠው፣ የግጦሹን ሁኔታ በሳተላይት መረጃ የሚለካው የእንስሳት መድን ውል የሚገባው ዝናቡ ከመጀመሩ አስቀድሞ በመሆኑ ጊዜው እንዳያልፍ መከታተል ያስፈልጋል።

ሕጉን በሚመለከት፣ የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819/2006 ግብይቱ በተደራጁ የገበያ ማዕከላት እንዲካሄድ ሥርዓት ዘርግቷል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ተወዳዳሪ ነጋዴዎች ዋጋ ለመወሰን ወይም ገበያ ለመከፋፈል የሚያደርጉትን ስምምነት፣ እንዲሁም በገበያ የበላይነት ያለአግባብ መጠቀምን ይከለክላል። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚታየውን የአረዳድ ስህተት ማረም ይገባል። ዝቅተኛ ዋጋ መስጠት በራሱ ጥፋት አይደለም። ገዥዎች ተመካክረው ከዚህ በላይ አንከፍልም ማለታቸው ወይም ይህ ገበያ የእኔ፣ ያኛው የአንተ ብለው መከፋፈላቸው ግን ጥፋት ነው። ልዩነቱን የሚያሳየው ማስረጃ ነው፤ በአንድ ቀን ሁሉም ገዥዎች ለተለያየ ከብት አንድ ዓይነት ዋጋ መጥራታቸው፣ አንዱ ገዥ ሌላው የጠየቀውን ከብት አልነካም ማለቱ፣ ይህም ከሳምንት ሳምንት መደጋገሙ።

ብቻውን የመጣ ሻጭ አንድ ወይፈን ጭኖ አዳማ ሊወስድ አይችልም፤ አንድ አይሱዙ ሙሉ ከብት ያዋጡ ጎረቤታሞች ግን ይችላሉ፤ ባይወስዱም እንኳ ሊወስዱ እንደሚችሉ መታወቁ ዋጋውን ይለውጠዋል። ኅብረት ሥራ ማኅበር ለማቋቋም ወይም ያለውን ለመቀላቀል የሚፈልጉ አርቢዎች ለወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ያመለክታሉ። ማኅበሩ ከአድላቢ ወይም ከቄራ ጋር አስቀድሞ ውል ማሰር ሲፈልግ የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 ሕጋዊ መሠረት ይሆነዋል፤ በውሉም የክብደት አለካኩ፣ የክፍያው ቀንና ድርቅ ወይም የከብት በሽታ ቢከሠት የሚደረገው በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

የክትባት ማስረጃ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ፣ የወቅቱ የአዳማና የአዲስ አበባ ገበያ ዋጋ ከወረዳው ግብርና ወይም ንግድ ጽሕፈት ቤት ሊጠየቅ ይችላል። የዋጋ ስምምነትን ወይም የዱቤ ክህደትን የሚመለከት አቤቱታ በቅድሚያ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ ሲሆን፣ የገበያው ስምና ቀን፣ የቀረበው ከብት ቁጥር፣ እያንዳንዱ ገዥ የሰጠው ዋጋና የምስክሮች ስም ቢካተት ጉዳዩን ያፋጥነዋል። ማንበብና መጻፍ የማይችል አመልካች አቤቱታውን በቃሉ አስመዝግቦ፣ የተጻፈው ተነቦለት እንዲፈርምና የተመዘገበበት ቁጥር እንዲሰጠው መጠየቅ አለበት።