ዝናም የመታው የሱፍ ባርኔጣ

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በነጭ ሻሽ ላይ ሰፊ ባርኔጣ ይደፉ እንደ ነበር ፎቶግራፋቸው ይመሰክራል። በክረምት በሳንሱሲ መንገድ ለሚመላለስ፥ ይልቁንም ከአባቱ የወረሰውን ለሚደፋ ሰው፥ የባርኔጣው ጠላት ከዝናሙ ይልቅ ምድጃው ነው። የሱፍ ባርኔጣ ጠጕሩ ተሸምኖ የተሠራ አይደለም፤ በእርጥበትና በሙቀት እየታሸ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። ስለዚህ እንደ ራሰ እሳት ዳር ቢያኖሩት የባሰ ተያይዞ ይጠብባል። የቤት እመቤት ሆይ፥ ቤተ ሰብ ለደግነት ብሎ እንዳያሞቀው ይከልክሉ፤ የውስጡ ቆዳ ወደ ውጭ ተገልብጦ፥ ክፈፉም ወደ ላይ ሆኖ በጥላ ይድረቅ። ጠቦ የተገኘ እንደ ሆነ ከማንቆርቆሪያ አፍ በሚወጣ እንፋሎት ያለስልሱት፤ ከዚያም በእጅ ቀስ በቀስ እየሳቡ በእንጨት ፎርማ ላይ፥ ፎርማ ከሌለም በባለቤቱ ራስ ላይ፥ እስኪደርቅ ያቈዩት። እጅግ የጠበበው ግን ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም፤ ለልጅ ይሰጥ።