ሮንዴላ፣ ፒን፣ ቀለበት፦ ጉምሩክ ትንንሽ ብረቶችን እንዴት ይለያል?

እስቲ አንድ ጋራዥ ገብታችሁ የትንንሽ ብረቶችን ጣሳ ገልብጡ። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ እንደ ፀጉር ማስያዣ ለሁለት የታጠፈ ፒን፣ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ የብረት ቀለበት ታገኛላችሁ። “ምንድን ናቸው?” ብትባሉ ምናልባት “የመኪና ዕቃ” ብላችሁ ታልፋላችሁ። በጉምሩክ በኩል ሲያልፉ ግን ይህ መልስ አያዋጣም፤ እንዲያውም ስህተት ነው። ለምን? መልሱ ጥቂት መካኒክስና ጥቂት ሕግ ይፈልጋል።

ሻፍቱ ላይ ምን ይሠራሉ?

ሻፍት የሚሽከረከር ዘንግ ነው። ጎማ ወይም ፑሌጃ ሻፍት ላይ ስንገጥም ሁለት ችግር ይጠብቀናል። አንደኛው፣ የተገጠመው ዕቃ በሻፍቱ ቁመት ተንሸራትቶ ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛው፣ ሻፍቱ እየዞረ ፑሌጃው ባለበት ሊቆም ይችላል።

ለመጀመሪያው ችግር ሁለት የተለመዱ መፍትሔዎች አሉ። አንዱ ሻፍቱን በስቶ ባለ ሁለት እግር ፒን ማሳለፍና እግሮቹን ወደ ጎን ማጠፍ ነው። ፒኑ እስካልተሰበረ ወይም እስካልተቃና ድረስ ዕቃው አይወጣም። ሌላው ሻፍቱ ዙሪያ ቀጭን ቦይ ቆርጦ ክፍት ቀለበት ማስገባት ነው። መካኒኮች ሰርክሊፕ ይሉታል። ቀለበቱ በልዩ ፒንሳ ይከፈትና ቦዩ ውስጥ ሲገባ በራሱ ሞላነት ይጨብጣል።

ሥራቸው ትንሽ ይምሰል እንጂ ቀላል አይደለም። ፒኑ ካልተገጠመ የጎማው ዳዶ በንዝረት ላልቶ ሊወልቅ ይችላል። አሁን ጥያቄው፦ እነዚህን ዕቃዎች ጉምሩክ በየትኛው ቁጥር ይመዘግባቸዋል?

ዓለም የተስማማበት ቁጥር

በንግድ የሚጓጓዝ ዕቃ ሁሉ ቁጥር አለው። ቁጥሩ የሚመጣው ሃርሞናይዝድ ሲስተም፣ በአጭሩ ኤችኤስ፣ ከሚባል ዓለም አቀፍ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን የሚያስተዳድረው መቀመጫው ብራስልስ የሆነው የዓለም የጉምሩክ ድርጅት ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ዛሬ ከ200 በላይ አገሮችና ግዛቶች ይጠቀሙበታል።

ቁጥሩ እንደ አድራሻ ይነበባል። 73 ሲባል ምዕራፉ ነው፤ ከብረትና ከአረብ ብረት የተሠሩ ዕቃዎች። 7318 ሲባል ጠበብ ይላል፤ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሪቬት፣ ፒን፣ ሮንዴላና የመሳሰሉት። 7318.24 ሲባል ደግሞ ሽብልቅ መሰል ማሰሪያዎችና ባለ ሁለት እግሩ ፒን ናቸው። እስከ 6ኛው አሃዝ ድረስ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ያለው አንድ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አገር የራሱን አሃዝ ይጨምራል፤ የቀረጡን መጠንም ራሱ ይወስናል።

“የምን ዕቃ ነው?” ሳይሆን “ምንድን ነው?”

ወደ “የመኪና ዕቃ” እንመለስ። የመኪና መለዋወጫ የራሱ ቁጥር አለው፤ 8708። የብስክሌትና የሞተር ሳይክል ደግሞ 8714። ታዲያ የመኪና ጎማ ፒን ለምን 8708 አይሆንም?

በኤችኤስ የመጀመሪያው ደንብ ዕቃ የሚመደበው በአንቀጹ ቃላትና በክፍሎቹ ወይም በምዕራፎቹ መግቢያ ላይ ባሉት ማስታወሻዎች ነው ይላል። የምዕራፍ ርዕስ ብቻውን አይወስንም። እና ከማስታወሻዎቹ አንዱ “ለአጠቃላይ አገልግሎት የሚውሉ ክፍሎች” ብሎ የሚዘረዝራቸው ዕቃዎች አሉ። በ7318 ያሉት ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። የማሽኖች ክፍልና የተሽከርካሪዎች ክፍል ደግሞ በየማስታወሻቸው “እነዚህ ወደኛ አይገቡም” ይላሉ።

ስለዚህ ሳጥኑ ላይ የመኪና ፋብሪካ ስም ቢታተምም ፒኑ ፒን ነው። ለባጃጅም ይሁን ለውኃ ፓምፕ፣ ለአውሮፕላንም ይሁን ለወፍጮ፣ ከብረት እስከሆነ ድረስ 7318.24 ነው። ይህ ብልህ አሠራር ነው። ፒኑ የት ሊገጠም እንደሚችል ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም፤ ምን እንደሆነ ግን አይቶ መለየት ይቻላል።

ሰርክሊፑስ? እሱም 7318 ውስጥ ነው። የዓለም የጉምሩክ ድርጅት ማብራሪያ በስሙ ጠቅሶ፣ ሻፍት ዙሪያ ወይም ቀዳዳ ውስጥ በተቆረጠ ቦይ የሚገባና ዕቃ እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርግ ብሎ ይገልጸዋል። አስተውሉ፤ ገለጻው የቅርጽና የሥራ እንጂ የመኪና ወይም የፓምፕ አይደለም።

ግን ከምን ተሠራ? ይህም ለውጥ ያመጣል። አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው ሮንዴላ ከብረት ከሆነ 7318፣ ከመዳብ ከሆነ 7415፣ ከጎማ ከሆነ ደግሞ 4016 ይሆናል።

ገንዘቡ ላይ ሲደርስ

“አንድ አሃዝ ቢሳሳት ምን ይመጣል?” ትሉ ይሆናል። የአሜሪካን መደበኛ የቀረጥ ሠንጠረዥ እንይ፤ በየጊዜው የሚጣሉ ተጨማሪ ታሪፎችን ሳንቆጥር። ተራ ጠፍጣፋ የብረት ሮንዴላ (7318.22) ከቀረጥ ነፃ ነው። ባለ ሞላው ሮንዴላ (7318.21)፣ ማለትም ተቆርጦ ትንሽ የተጠማዘዘውና ሲጨመቅ ዳዶውን መልሶ የሚገፋው፣ 5.8 በመቶ ይከፈልበታል። ባለ ሁለት እግሩ ፒን 3.8 በመቶ። የ100,000 ዶላር ጭነት ቢሆን ልዩነቱ ከዜሮ እስከ 5,800 ዶላር ነው። ሁለቱ ሮንዴላዎች ግን አንድ መዳፍ ላይ ተቀምጠው ከሩቅ አይለዩም።

የአውሮፓ ኅብረት ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 ኅብረቱ ከቻይና በሚገቡ አንዳንድ የብረት ማሰሪያዎች ላይ፣ “ከተገቢው ዋጋ በታች እየተሸጡ ነው” በሚል፣ እንደ አምራቹ ከ22.1 እስከ 86.5 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለ። ቡሎኖችና ሮንዴላዎች ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ፤ 7318.24 ግን አልነበረም። ሮንዴላን ፒን ብሎ መጻፍ እንግዲህ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሆን ብሎ የጻፈ ሰው ቀረጥ ሰረቀ፤ ሳያውቅ የጻፈም ልዩነቱን ከነቅጣቱ ሊጠየቅ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ፒኑን ሮንዴላ ያለ አስመጪ የሌለበትን ዕዳ ሊከፍል ይችላል።

አከራካሪዎቹ

ሁሉም እንደ ፒኑ ግልጽ አይደለም። ቅድም ያልነው ሁለተኛው ችግር፣ ፑሌጃው ከሻፍቱ ጋር እንዲዞር ማድረግ፣ ትዝ ይላችኋል? አንዱ ዘመናዊ መፍትሔ ሁለት ሾጣጣ ቀለበቶችን አንዱን በሌላው ውስጥ ማስገባት ነው። ዙሪያውን ያሉት ቡሎኖች ሲጠብቁ ቀለበቶቹ ሻፍቱንና ፑሌጃውን ጨምቀው ይይዛሉ፤ የማዞሩን ኃይል የሚያስተላልፈው ሰበቃ ነው።

ይሄ ምንድን ነው? አንዱ ወገን “ያው ማሰሪያ ነው፤ 7318 ይሁን” ሊል ይችላል። ሌላው “ኃይል የሚያልፍበት፣ ከብዙ ክፍሎች የተገጣጠመ ዕቃ ነው፤ ከሻፍትና ከጊር ጋር 8483 ይሁን” ሊል ይችላል። ሁለት ሻፍቶችን ጫፍ ለጫፍ የሚያያይዘው ካፕሊንግ ያለ ክርክር 8483.60 ነው። የሾጣጣው ቀለበት ጥያቄም “ከፒኑ ይቀርባል ወይስ ከካፕሊንጉ?” ወደሚል ይወርዳል። ይህን የሚፈታው የዕቃው ስም ሳይሆን የቴክኒክ ሥዕሉ ነው፤ ኃይሉ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛው ክፍል ምን እንደሚሸከም።

ለዚህ ነው አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረትን ጨምሮ ብዙ አገሮች ዕቃው ከመግባቱ በፊት ጉምሩክን ጠይቆ የጽሑፍ ውሳኔ ማግኘትን የፈቀዱት። አሜሪካ እንዲህ ያሉትን ውሳኔዎች ማንም እንዲያነባቸው በይፋ ታወጣቸዋለች። አንድ ቀን ቤተሰባችሁ ወይም እናንተ ራሳችሁ ዕቃ ብታስመጡ፣ ዲክላራሲዮኑ ላይ “መለዋወጫ” ብላችሁ አትለፉ። ከምን እንደተሠራ፣ ቅርጹ ምን እንደሚመስል፣ ሲገጠም ምን እንደሚሠራ ጻፉ። ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው ከእነዚህ ሦስት መልሶች ነው።