ኤም-ፔሳ፦ ከተጠቃሚዎች ልማድ የተወለደው አገልግሎት

የኬንያው ኤም-ፔሳ ሲጠነሰስ ዓላማው ገንዘብ ማስተላለፍ አልነበረም። በጎርጎርዮሳዊው 2005 ለሙከራ ሲጀመር የታሰበው፣ አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች ዕዳቸውን በሞባይል ስልክ እንዲከፍሉበት ነበር።

ተበዳሪዎቹ ግን ሌላ ጥቅም አገኙለት። ለሌሎች ሰዎች ገንዘብ ላኩበት፤ መንገደኞችም ጥሬ ገንዘባቸውን ሲነሱ አስገብተው ሲደርሱ አወጡት።

እስከዚያ ድረስ በከተማ የሚሠሩ ብዙ ኬንያውያን ለገጠር ቤተሰባቸው ገንዘብ የሚልኩት በሰው እጅ ወይም በአውቶብስ ነበር፤ የመጥፋት ስጋቱም አብሮ ይጓዝ ነበር።

ሳፋሪኮም በ2007 አገልግሎቱን ለሕዝብ ሲያቀርብ የብድሩን ሐሳብ ወደ ጎን ትቶ “ገንዘብ ወደ ቤት ይላኩ” አለ።

የንድፍ አስተሳሰብም ሆነ የንግድ ትንተና መነሻው ይኸው ነው፦ ሰዎች ችግራቸውን ዛሬ በምን ዘዴ እንደሚወጡት መመልከት፣ ዕቅዱ ከልማዳቸው ጋር ሲጋጭም ዕቅዱን ማረም።