ቤት ቢፈርስ ትምህርት እንዳይቋረጥ

በኢትዮጵያ ትምህርት ሲስፋፋ የኖረው ቤት ባላቸው ልጆች ብቻ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ ርቆ፥ ደበሎውን ለብሶና አኩፋዳውን አንግቶ፥ ከደጅ ደጅ እየለመነ ዜማውንና ቅኔውን ሲማር ኖሯል፤ ዛሬም እንዲህ የሚማር አለ። ይህ ተማሪ ቤት ሳይኖረው ትምህርቱ የማይቋረጠው፥ የሚያድርባት ጎጆ ከመምህሩ ጉባኤ አጠገብ ስለ ሆነች ነው።

የከተማ ልጅ ግን ቤቱን ባጣ ጊዜ ማደሪያው በአንድ ወገን፥ ትምህርት ቤቱ በሌላ ወገን ይሆንበታል። በዚህም ምክንያት ችግሩ የማደሪያ ብቻ ሳይሆን የመንገድም ይሆናል። ቤት ያጣ ማለትም በጎዳና የሚያድር ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ፈርሶ በዘመድ ቤት የተጠጋውና ወደማያውቀው ሰፈር የተወሰደውም ከዚሁ ችግር ይካፈላል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በአዲስ አበባ በልደታ ቤተ ክርስቲያን ስም የሚጠራው ሰፈር ነው። በ2002 ዓ.ም. ገደማ በዚያ የነበሩት ያረጁ የጭቃ ቤቶች ፈርሰው፥ የጋራ መኖሪያ ፎቆችና የንግድ ሕንፃዎች ተሠሩ። ከነባሮቹ ነዋሪዎች ከፊሉ በከተማው ደቡብ ምዕራብ ዳር ወዳለው ወደ ጀሞ ተዛወሩ። ያረጀን ቤት አፍርሶ የተሻለ መሥራት የሚነቀፍ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ቤት ሲዛወር ትምህርት ቤት አብሮ አይዛወርም። በ2008 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ቀላል ባቡር በልደታ ቢያልፍም፥ ሐዲዱ ወደ ጦር ኃይሎች እንጂ ወደ ጀሞ አይደርስም። ስለዚህ ልጁ በነበረበት ትምህርት ቤት ዓመቱን ይፈጽም ዘንድ ወላጁ የታክሲ ዋጋ ጧትና ማታ መክፈል ይገባዋል፤ ይህን ያልቻለ ደሃ ግን ልጁን ከትምህርት ለማስቀረት ይገደዳል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44፥ በመንግሥት ሥራ ምክንያት ከቦታው የተነሣ ሰው ተመጣጣኝ ካሣ ወይም ሌላ ማካካሻ፥ በቂ በሆነ የመንግሥት ርዳታ መዛወርንም ጨምሮ፥ እንዲያገኝ ደንግጓል። ርዳታው በቂ ነው የሚባለውም የልጁን የትምህርት መንገድ ሲያስብ ነው።

በአሜሪካ አገር እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. ስለ ቤት አልባ ሰዎች የወጣው ሕግ፥ በ1994 ዓ.ም. ሲሻሻል ቤት ያጣ ተማሪ በቀድሞ ትምህርት ቤቱ እንዲቈይና በወላጁ ጠያቂነት መጓጓዣ እንዲሰጠው አዝዟል። ማደሪያው በአንዱ የትምህርት አውራጃ፥ ትምህርት ቤቱ በሌላው ሲሆንና ሁለቱ መስማማት ሲያቅታቸው፥ ወጪውን እኩል ይካፈላሉ። እያንዳንዱም አውራጃ እንዲህ ያሉትን ልጆች ፈልጎ የሚያገኝ ተጠሪ አለው። በሁለት ሹማምንት ክርክር መካከል ልጁ በመንገድ እንዳይቀር የታሰበ ሥርዓት ነው።

የአዲስ አበባ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ምግብና የደንብ ልብስ ማቅረቡ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ማዕዱ የሚጠቅመው ከማዕዱ የደረሰውን ነው፤ የሚያደርሰው ያጣ ልጅ ምግቡም ደብተሩም አይጠቅመውም።

ስለዚህ ሰፈር የሚያስነሡ ሹማምንት ሦስት ነገር ቢያስቡ መልካም ነው። አንደኛ፥ ነዋሪዎች የሚነሡበት ጊዜ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት ቢሆን፥ ልጁ መስከረም ሲጠባ በአዲሱ ሰፈር ይመዘገባል። ሁለተኛ፥ በዓመቱ መካከል ማስነሣት ግድ ቢሆን፥ ሰኔ እስኪደርስ ልጆቹን ጧት ወስዶ ማታ የሚመልስ አውቶቡስ ይመደብ፤ ወጪውንም ልጆቹ የለቀቁትና የገቡበት ክፍለ ከተማ ይካፈሉት። ሦስተኛ፥ በጎዳና የሚያድረው ልጅ በመዝገብ ስለማይገኝ፥ በየደጀ ሰላሙ ሲጠጋ የሚያዩት ካህናት ለትምህርት ቤቱ ሹም ያመልክቱለት።

የፈረሰ ቤት በአንድ ዓመትና በሁለት ዓመት ይሠራል። ከትምህርት የወጣ ልጅ ግን ያለፈው ዕድሜው አይመለስለትም። ከተማ የሚታደሰው ለሚመጣው ትውልድ ነውና፥ የሚወርሰው ልጅ ሕንፃው ሲሠራ ከመንገድ እንዳይቀር መጠበቅ የሹማምንቱም የካህናቱም ግዴታ ነው።