«ቪትዝ 2005» ብላችሁ የፍሬን ሸራ አትግዙ

እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የወንድሜን ቪትዝ ግቢያችን ውስጥ አቁመን የፊት ጎማዋን ፈታን። ማታ አንድ ሰዓት ላይም እንደተፈታች ነበረች።

ነገሩ ቪዲዮ ላይ ሲታይ ቀላል ነው። መኪናዋ ፍሬን ሲያዝ ሲጥ የሚል ድምፅ ማሰማት ከጀመረች ሰንብታለች፤ የፊት ሸራዋ አልቋል ማለት ነው። ጋራዥ ብንወስዳት የእጅ ዋጋ አለ፣ ወረፋ አለ። ወንድሜ ደግሞ እንጀራውን የሚበላው በዚህችው መኪና ነው፤ አንድ ቀን ከቆመች የዚያን ቀን ገቢ የለም። «ራሳችን እንቀይረው» አልኩት። ሐሳቡም የእኔ፣ ጥፋቱም የእኔ።

ቅዳሜ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄጄ ነበር። ገና ከታክሲ ስወርድ አንድ ልጅ ተቀበለኝ። «ምን ፈልገህ ነው ወንድሜ?»

«የቪትዝ የፊት ሸራ፣ 2005።»

በቃ፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ ከፍዬ ወጣሁ። እሁድ አሮጌውን አውጥተን አዲሱን ልናስገባ ስንል ግን እምቢ አለ። ገለበጥነው፣ አዞርነው፣ አልሆነም። ወንድሜ መዶሻ ሲያነሣ «ተው!» አልኩት። ሰኞም ሥራ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት አሮጌውን ሸራ በፌስታል ይዤ ተመለስኩ። አሁን የገባሁት አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ሱቅ ነው። ገና «2005» ከማለቴ አቋረጡኝ። «ልጄ፣ ዓመቱን ተወው። ሻንሲው ምን ይላል?» አላወቅሁም። ፌስታሉን ስከፍትላቸው ሳቁ፤ «እንዲህ ነዋ!» ብለው አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ጀርባ ለጀርባ አጋጠሙት። ጠርዙም፣ ጆሮውም ልክ ሆነ።

ስህተቴ የገባኝ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. 2005 ቶዮታ የመጀመሪያውን ቅርፅ ቪትዝ ጨርሶ ሁለተኛውን የጀመረበት ዓመት ነው። ስለዚህ ሊብሬው ላይ 2005 የሚሉ ሁለት መኪኖች ሁለት የተለያዩ ቅርፆች ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለያቸው የሻንሲ ቁጥሩ መጀመሪያ ነው፦ የድሮው ባለ 1000 ሲሲ «ኤስሲፒ10» ሲል፣ አዲሱ ባለ 1000 ሲሲ «ኬኤስፒ90» ይላል። እኔ ለድሮው መኪና የአዲሱን ነበር የገዛሁት።

ይኼ ዛሬ ከወትሮው በላይ ያስከፍላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በዶላር የሚመጣው መለዋወጫም ተወደደ። ያለችንን አሮጌ መኪና አቆይተን መንዳታችን አይቀርም። የተሳሳተ ዕቃ መግዛት ደግሞ ሁለቴ መግዛት ነው።

ስልካችሁ ላይ ይኑር

ኮፈኑን ክፈቱና ከሞተሩ ጀርባ ያለችውን የብረት ሳህን ፎቶ አንሡ። የሻንሲ ቁጥሩና የሞተሩ ዓይነት እዚያ ላይ አለ። ሊብሬውንም ጨምሩበት። ዕቃውን ከፈታችሁ በኋላ ደግሞ ፊቱን፣ ጀርባውንና የተጻፈበትን ቁጥር አንሡ። በቴሌግራም የምትገዙ ከሆነ ከ«ስንት ነው?» በፊት እነዚህን ላኩ። ከተቻለ ግን ዕቃውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።

የቶዮታ ኦሪጅናል የፊት ሸራ ካርቶን ላይ ያለው ቁጥር በ04465 ይጀምራል። ካርቶን ግን ማንም ያሳትማል። የውስጡንም ዕቃ አውጥታችሁ እዩ፤ «ካልገባ እመልሳለሁ» የሚለውንም ከመክፈላችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ደረሰኝም ያዙ።

ያገለገለ ዕቃ ነውር የለውም፤ ስፖኪዮ፣ መብራት፣ የበር እጀታ በደንብ አይቶ መግዛት ይቻላል። የፍሬን ሸራና ቺንጋ ግን ያገለገለ አይገዛም። ስንት እንደቀረው አታውቁማ!

ቋንቋውንም ልመዱ። ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ፍሪሲዮን የምንላቸው ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ቪዲዮው ላይ በእንግሊዝኛ የሰማችሁትን ስም ብትጠሩ ባለሱቁ ላይገባው ይችላል፤ «ካንዴላ» ስትሉት ግን ወዲያው ያወርድላችኋል።

መሣሪያ፦ ጥቂት ግን ትክክለኛ

መቶ ፍሬ ያለው የሚያብረቀርቅ ሳጥን አያስፈልጋችሁም። ቶዮታ ላይ ብዙውን ሥራ የሚሠሩት 10፣ 12፣ 14 እና 17 ቁልፎች ናቸው፤ የጎማው ዳዶ 21 ነው። ቡሶላ ስትገዙ ስድስት ማዕዘን ያለውን ምረጡ፤ የቡሎኑን ጭንቅላት ቶሎ አይበላውም። የካሊፐሩን ፒስተን ወደ ኋላ ለመግፋት እኛ የተጠቀምነው አናጢዎች እንጨት የሚያጣብቁበትን ሞርሴቶ ነው፤ ከጎረቤት ተውሰን።

አንድ ነገር ላይ ግን አትቆጥቡ። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ክሪክ ጎማ ለመቀየር እንጂ ሥር ገብቶ ለመሥራት አይደለም። ክሪክ ይንሸራተታል፤ ከተንሸራተተ ደግሞ አያስጠነቅቅም። የብረት መደገፊያ ግዙ ወይም ተዋሱ። ብሎኬት እንዳትደግፉ፤ ድንገት ይፈረካከሳል። ሜዳው የተስተካከለ ይሁን፣ የኋላ ጎማዎቹ ላይ ድንጋይ ይደረግ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። የጎማውን ዳዶ መኪናው መሬት ላይ እያለ አላሉት፤ ከተነሣ በኋላ መታገል አደጋ አለው።

የተፈታውን ካሊፐር በፍሬን ቧንቧው አታንጠልጥሉት፤ በሽቦ እሰሩት። ፒስተኑ ሲገፋ የፍሬን ዘይቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ እንዳይፈስ ዕቃውን እያያችሁ ሥሩ፤ ዘይቱ ቀለም ይልጣል። መጨመር ካስፈለገ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ፣ ካልተከፈተ ጠርሙስ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ተከፍቶ የከረመ አይሆንም።

ሸራው በሁለቱም ጎን ይቀየራል፤ በአንድ ጎን ብቻ ከተቀየረ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሊስብ ይችላል።

የመጀመሪያው ፍሬን

ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ጨረስን። ወንድሜ ተጣድፎ ሞተር ሊያስነሣ ሲል «መጀመሪያ ፍሬኑን ርገጥ» አልኩት። ረገጠ፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

ብልሽት አልነበረም። ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ ሸራውን እስኪነካ ድረስ ፔዳሉ ባዶ ነው። አራት አምስት ጊዜ ሲረግጠው ጠነከረ። ግን አስቡት፤ ይህን ሳያደርግ የእኛን ቁልቁለት ቢጀምር፣ ታች ደግሞ የትምህርት ቤት በር ነው።

ፔዳሉ ተደጋግሞ ተረግጦም ካልጠነከረ፣ ወይም ከካሊፐሩ ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ መኪናውን አታንቀሳቅሱት፤ መካኒኩን ወደ ቤት ጥሩት። ያን ጊዜ የእጅ ዋጋ ውድ አይደለም።

ወንድሜ ግቢው ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሞከራት፤ ያዘች። ሲጥታውም የለም። ከመውጣቱ በፊት ኮፈኑን ከፈተና ያቺን ሳህን በስልኩ ፎቶ አነሣት።